በእግር ድንበር የሚሻገር ትንሽ ቡድን፦ ከዕቅድ እስከ መመለሻ

በአንድ አገር ውስጥ ሳምንት ሙሉ ተራራ ለተራራ መጓዝና ሁለት ሦስት ጎረቤት አገሮችን በእግር ማቋረጥ በርቀትም በድካምም ላይለያዩ ይችላሉ። የሚለያዩት ድንበሩ ላይ በሚቋረጡት ነገሮች ነው። የመሪው የሥራ ፈቃድ ብዙ ጊዜ እዚያ ያበቃል። የስልኩ መስመር፣ የኪሱ ገንዘብ፣ የነፍስ አድን ቡድኑ ክልል፣ ድንኳን የመትከያው ሕግ፣ አንዳንዴም ሰዓቱ ራሱ ከሸንተረሩ ወዲያ ሌላ ነው። ተራራው ግን ያው አንድ ተራራ ነው፤ ምንጩ ወዲህ ማዶ ቢቆሽሽ ወዲያ ማዶ ያለው መንደር ይጠጣዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጫማና ከቦርሳ አይነሳም። የሚነሳው ከድንበሩ ቀን ነው፤ የቀረው ዕቅድ ከእሱ ወደኋላና ወደፊት ይሠራል።

1. መንገዱን ከመሻገሪያው ተነሥታችሁ ምረጡ

ካርታ ስትዘረጉ መጀመሪያ የምትፈልጉት የመሻገሪያውን ቦታ ነው፤ የሚያምረው ጫፍ ኋላ ይደርሳል። መሻገሪያ ሦስት ዓይነት አለው።

አንደኛው ክፍት ድንበር ነው። ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን የሚያገናኘው የሞንብላን ዙሪያ መንገድ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 2,516 ሜትር ላይ ባለው ኮል ደ ላ ሴን ከፈረንሳይ ወደ ጣሊያን፣ 2,537 ሜትር ላይ ባለው ግራን ኮል ፌሬ ደግሞ ከጣሊያን ወደ ስዊዘርላንድ ሲታለፍ ማኅተም የሚመታ ሰው የለም። ፓስፖርቱ ግን ከቦርሳ አይወጣም ማለት አይደለም፤ ፖሊስ በማንኛውም ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለተኛው ኬላ የሌለው፣ ግን አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። አልባኒያን፣ ኮሶቮንና ሞንቴኔግሮን የሚያካልለው 192 ኪሎ ሜትር የ«ባልካን ጫፎች» መንገድ ድንበሩን የሚያልፈው በግጦሽ ሜዳና በጫካ ውስጥ ነው። እዚያ ማንም ሰው ቆሞ አይጠብቃችሁም። በዚህ ዓይነት መንገድ የእያንዳንዱ ተጓዥ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚታለፍበት ቦታና ቀን ተጽፎ ለየአገሩ የድንበር ፖሊስ አስቀድሞ ይቀርባል። ቀኑ ወይም ቦታው ከተቀየረ ፈቃዱ እንደሌለ ይቆጠራል ብላችሁ አስቡ።

ሦስተኛው በመኪና መንገድ ኬላ ብቻ የሚታለፍ ድንበር ነው። ካርታው ላይ የእግር መንገድ ወዲያ ማዶ ድረስ ቢታይም በእሱ መሻገር ሕገ ወጥ ነው። ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ዴሞክራቲክ ኮንጎ የሚገናኙበት የሳቢንዮ ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ሦስት አገር ቢረግጥም የሚወርደው በወጣበት በኩል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጉዞው በሁለት ይከፈላል፦ በአንዱ አገር ወጥቶ መውረድ፣ በመኪና ወደ ኬላው መሄድ፣ ማኅተም አስመትቶ በሌላው አገር እንደገና መውጣት። አቋራጭ የወሰደ ሰው ችግሩ የሚገጥመው ተራራው ላይ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ አውሮፕላን ጣቢያ ነው፤ የመግቢያ ማኅተም የሌለው ፓስፖርት ይዞ መውጣት አስቸጋሪ ነው።

አንድ በተደጋጋሚ የሚታለፍ ስሕተት አለ። ዙሪያ መንገድ ወደ መጀመሪያው አገር ይመልሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ለዙሪያ ጉዞ አይበቃም። የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ለ90 ቀን ደጋግሞ ያመላልሳል፤ ከሦስቱ ውጭ ወደ ሌላ አገር ከተወጣ ግን ያበቃል። የቡድኑን ሰዎች ዜግነት በአንድ ሰንጠረዥ ጻፉና ለእያንዳንዱ ሰው ለእያንዳንዱ ድንበር አጣሩ። መንገዱን የሚወስነው ደካማው ፓስፖርት ነው፤ አንዱ ሰው ሊያልፍበት የማይችለውን ድንበር ቡድኑ አያቅደውም።

2. ስንት ሰው?

ትንሹ ቁጥር 4 ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አጠገቡ ይቀራል፣ ሁለቱ ደግሞ አብረው ለእርዳታ ይወርዳሉ። ብቻውን የሚሄድ ሰው አይኖርም። ትልቁ ቁጥር፣ በእኛ ግምት፣ 8 ተጓዥና 2 መሪ ነው። ከዚያ ሲያልፍ አንዱ ጫማ ሲያስር፣ ሌላው ጃኬት ሲያወልቅ፣ የአሥር ደቂቃው ዕረፍት ሃያ አምስት ይሆናል፤ በቀን ስድስት ጊዜ ቢታረፍ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ ማለት ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ለማሳለፍ ረጅሙ ቡድን ወደ ዳር ይወጣል፣ ሣሩም ይረገጣል፤ መንገዱ በየዓመቱ የሚሰፋው እንዲህ ነው።

አንዱ መሪ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሁን። የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳው ከኋለኛው ጋር ነው የሚሄደው፤ የታመመ ሰው ወደኋላ እንጂ ወደፊት አይቀርምና።

ከመሄዳችሁ ከ6 ሳምንት በፊት ሙሉ ቦርሳ ተሸክማችሁ ሁለት ቀን ተከታታይ ሂዱ፤ በቀን 15 ኪሎ ሜትርና 800 ሜትር አቀበት ይበቃል። ውጤቱን የምታዩት በሁለተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ነው። አቀበት ሳንባን ይፈትናል፣ ጉልበትን የሚፈትነው መውረዱ ነው። እዚያ ያነከሰ ሰው ድንበር ማዶ ላይ ከሚያነክስ አሁን ይወቀው።

3. ቀኖቹን በሰዓት አስሉ፣ በኪሎ ሜትር አይደለም

ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት 1 ሰዓት። ስሌቱ ብርቱና ዕረፍት የማይወስድ ሰው ስለሚገምት ለቡድን ሩብ ጨምሩበት። ቁልቁለቱ ገደላማ ከሆነ ደግሞ በየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ ይጨመራል።

እንሞክረው። 16 ኪሎ ሜትር፣ 1,200 ሜትር አቀበት፣ ረጋ ያለ ቁልቁለት። ርቀቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ አቀበቱ 2 ሰዓት፣ ድምሩ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ሩብ ሲጨመር 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የምሳና የዕረፍት 1 ሰዓት ሲታከል 7 ሰዓት ተኩል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሣ ቡድን 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል፤ 4 ሰዓት ላይ የተነሣው ግን 11 ሰዓት ተኩል ነው የሚገባው፣ ያውም ምንም ሳይበላሽ። በብዙ ተራሮች ነጎድጓድ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው ሸንተረር ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይታለፍ።

ከዚህ ተነሥታችሁ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣባቸውን ሁለት ቀኖች አታከታትሉ፣ በየሳምንቱም አንድ ምንም ያልተመደበበት ቀን ተዉ። የድንበሩ ቀን የጉዞው ቀላሉ ቀን ይሁን፦ ከ12 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ፣ ከኬላው በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ የማያስኬድ። የኬላ ሠራተኛ ምሳ ሊወጣ፣ ኮምፒውተሩ ሊቋረጥ ይችላል። የቀኑ ዕቅድ ጠባብ ከሆነ ቡድኑ የጠፋውን ሰዓት በጨለማ ቁልቁለት ላይ ለመመለስ ይሞክራል። ሰው የሚሰበረው እንዲህ ባለ ምሽት ነው።

4. ወረቀቱ

የመድን ውል ስታነቡ አራት ነገር ፈልጉ። የሁሉም አገሮች ስም ተጽፏል? «አውሮፓ» ወይም «አፍሪካ» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። የከፍታ ገደብ አለው? ብዙ ውሎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይከፍሉም፤ ቁጥሩ ከመንገዳችሁ ከፍተኛ ቦታ ጋር ይነጻጸር። በሄሊኮፕተር ማንሣትን ይሸፍናል ወይስ ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ ያለውን ብቻ? ከማንሣቱ በፊት የድርጅቱን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው? ከሆነ የጥሪ ቁጥሩ በሁሉም ሰው ስልክና በወረቀትም ይኑር።

የፓስፖርት፣ የቪዛ፣ የፈቃድና የመድን ቅጂ በሁለት ስብስብ ይዘጋጅ። አንዱ ከፊት መሪ፣ ሌላው ከኋላ መሪ ጋር ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ይሂድ። ሐኪም የሚያዝዛቸውን መድኃኒቶች፣ በተለይ ኮዴይን ያላቸውን ማስታገሻዎች፣ ከነማሸጊያቸውና ከነማዘዣቸው ያዙ፤ አንዱ አገር ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ሌላው በቁጥጥር ሥር አድርጎት ይሆናል። ድሮንና የሳተላይት መሣሪያ ለየአገሩ ለየብቻ ይጣራ። ሕንድ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሳተላይት ስልክ መያዝ ያሳስራል።

5. ሰዎቹና ገንዘቡ

ኃላፊነት ያለበት ጉዞ የሚለካው መጀመሪያ እዚህ ነው። የአንዱ አገር መሪ ቡድኑን ይዞ ሦስቱንም አገር ቢያልፍ ለአስተባባሪው ይቀልለዋል፤ ነገር ግን ማዶ ያሉት መንደሮች እግር እንጂ ገቢ አያዩም። ለእያንዳንዱ አገር የራሱን መሪ ቅጠሩ። ሕጉም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ፣ የደረቀውን ምንጭ፣ የነፍስ አድን ቡድኑን ሰዎች የሚያውቀው የዚያ ሸለቆ ሰው ነው። የሁለቱ አገሮች መሪዎች የሚተካኩበት ቦታ በሰዓትና በቦታ ስም ይጻፍ። የሰዓት ልዩነት ካለ የማን ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ኡጋንዳና ሩዋንዳ ጎረቤት ሆነው በአንድ ሰዓት ይለያያሉ፤ «በ4 ሰዓት እንገናኝ» ያሉ ሁለት መሪዎች ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ።

ጭነት ተሸካሚ ካለ የምትንጠለጠል ትንሽ ሚዛን ያዙና በየጠዋቱ ሸክሙን በሰውየው ፊት መዝኑ። በኪሊማንጃሮ የአንድ ተሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ደንብ በሌለበትም ይህንኑ ወሰን ያዙ፣ የተሸካሚው የራሱ ዕቃም ከሸክሙ ይቆጠር። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፦ የት ነው የሚያድረው? ምን ለብሷል? ቢታመም ማን ያወርደዋል፣ ማንስ ይከፍልለታል? የታመመ ተሸካሚ ብቻውን ተከፍሎት ወደ ታች አይላክም፤ የሚያስታምም ሰው አብሮት ይወርዳል፣ ልክ ለተጓዥ እንደሚደረገው። ይህን ጥያቄ አስጎብኚ ድርጅቱ በጽሑፍ ካልመለሰ ሌላ ፈልጉ።

ጉርሻ በእያንዳንዱ ሰው እጅ፣ በዚያው አገር ገንዘብ፣ ከድንበሩ በፊት ይሰጥ። የውጭ ሳንቲም ለተራራ ሰው ዋጋ የለውም፤ ባንክ የሚመነዝረው ወረቀቱን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አገር አንድ ፖስታ ከቤት ጀምራችሁ ለዩ፣ በትንንሽ ኖት። አልባኒያ በሌክ፣ ኮሶቮና ሞንቴኔግሮ በዩሮ ነው የሚገበያዩት፤ የሞንብላን መንገደኛም ወደ ስዊዘርላንድ ሲገባ ፍራንክ ይፈልጋል።

6. ዕቃ

እዚህ ላይ ረጅም ዝርዝር አያስፈልግም፤ ቦርሳው ከሰውነታችሁ ክብደት ከአንድ አምስተኛ አይብለጥ፣ በየማረፊያው አልጋ ካለ ከ10 ኪሎ በታች ይሁን። በድንበር ምክንያት የሚበላሹት ግን ሊነገሩ ይገባል።

የምድጃ ጋዝ በአውሮፕላን አይጫንም፣ የጣሳው አፍም በየአገሩ ይለያያል፤ አንዱ በክር የሚጠብቅ፣ ሌላው ተገፍቶ የሚገባ ነው። ምድጃችሁ የትኛውን እንደሚቀበል ሳታውቁ ማዶ እንገዛለን አትበሉ። የአውሮፓ ኅብረት የስልክ ዝውውር ደንብ ስዊዘርላንድን አይጨምርም፤ ዳታውን ሳያጠፋ ድንበሩን ያለፈ ሰው ያልጠበቀው ሒሳብ ይመጣበታል። የሁሉም አገሮች ካርታ ከመነሻው በፊት ስልክ ላይ ይውረድ፣ ወረቀትም ይኑር። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ሌሊት ከእናንተ ጋር በመኝታ ከረጢት ውስጥ ይደር፤ የውኃ ማጣሪያውም እንዲሁ። ቀጫጭን ቱቦ ያለው ማጣሪያ አንዴ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ውኃው እንደ ወትሮው ስለሚያልፍ ግን ማንም አያውቅም፣ ሆድ እስኪታመም።

7. የድንበሩ ቀን

ከዋዜማው ማታ ጀምሩ። ጫማና የድንኳን ካስማ በብሩሽ ታሽቶ ጭቃው ይራገፍ፣ የጫማው ሶል ጥርሶች መሐል ያለው ዘር በስለት ይውጣ፣ ይድረቅ። ባዕድ አረምና የእንስሳት በሽታ በሸንተረሩ በኩል የሚሻገረው በዚህች ጭቃ ነው። ሥጋ፣ ወተት ነክና ትኩስ ፍራፍሬ ብዙ ጉምሩኮች ስለማያሳልፉ ማታውኑ ይበላ። ቆሻሻውን መንደሩ ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ሰብሳቢ መኪና የማይመጣበት መንደር ፕላስቲኩን ወይ ያቃጥለዋል ወይ ገደል ይከተዋል። ወደ ከተማ ለሚወርደው መሪ አስይዙት፤ ለዚህ ተከፍሎት።

ጠዋት የፊተኛው መሪ ፓስፖርቶችን ለቅሞ አይያዝ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይያዝ። ኬላው ላይ ካሜራና ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ የጦር ካምፕና የድንበር ምሰሶ አካባቢ ፎቶ አይነሣም። ማኅተም ከተመታ በኋላ ከመስኮቱ ሳትርቁ ቀኑን አንብቡ፤ ስሕተት ቢኖር የሚታረመው እዚያው ነው። ከዚያ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ አራት ነገር ቀይሩ፦ ሰዓት፣ የስልክ መስመር፣ የገንዘብ ፖስታ፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥር። 112 በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በስዊዘርላንድም ይሠራል፤ በሌላ አካባቢ ግን የየአገሩ ቁጥር በየሰው ኪስ ባለ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይጠብቅ።

8. በመንገድ ላይ

የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውኃ፣ ከመንገድና ከማደሪያ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፣ ጥልቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ሲጠልቅ ቆሻሻውን የሚያበሰብሰው ሕያው አፈር አያገኘውም፣ ሲያንስ እንስሳ ይቆፍረዋል። ወረቀቱና የወር አበባ መጠበቂያው አይቀበርም፤ በሁለት ላስቲክ ታስሮ ይመለሳል። ዕቃና ገላም ምንጭ ውስጥ አይታጠብም፣ ሳሙናው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል ቢባል እንኳ፤ ውኃ በዕቃ ቀድታችሁ 60 ሜትር ራቁ። ለመጠጥ 1 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ።

እግር። ተረከዝ ላይ ሙቀት የተሰማው ሰው «እስከ ዕረፍቱ ልታገሥ» ይላል። አይታገሥ። ቡድኑ ያኔውኑ ይቁም፣ ካልሲው ይውለቅ፣ ቆዳው ይድረቅ፣ የሚለጠፍ ፋሻ ሳይጨማደድ ጠርዙን አክብቦ ይለጠፍ፣ ካልሲውም ይቀየር። ሁሉም 4 ደቂቃ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያ ቦታ ውኃ ይቋጥራል፣ ማግስቱን ይፈነዳል፣ በሦስተኛው ቀን ሰውየው እግሩን አጣሞ ሲረግጥ ጉልበቱ ይታመማል። አንድ ቡድን ጉዞውን የሚያቋርጠው ከገደል ይልቅ በዚህች ነገር ነው። የቡድኑ መሪ በመጀመሪያው ሰዓት ማንም ሳይጠይቀው ቆሞ «ማንን አሞቀው?» ይበል፤ ሰው ሌላውን ላለማስቆም ብሎ ዝም ይላልና።

በባልካንም በአልፕስም መንጋ የሚጠብቁ ትልልቅ ውሾች አሉ። መንጋውን በሰፊው ዙሩ፣ አትሩጡ፣ ዘንጋችሁን አታወዛውዙ፣ ውሻው ከመጣ ቆማችሁ እረኛውን በእርጋታ ጥሩ።

9. ከፍታና አደጋ

ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ፣ በየሦስት አራት ቀኑም በዚያው ከፍታ አንድ ቀን ዕረፉ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከድካም ጋር ከመጣ ያ ሰው ከዚያ አይወጣም። በቀጥታ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ አስኪዱት፤ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ፤ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ለውጥ ያመጣል። እዚህ ላይ ድንበሩ ወጥመድ ይሆናል። ቡድኑ «ነገ እንሻገራለን፣ ፈቃዱ ለነገ ነው» ብሎ ታማሚውን ይዞ ይወጣል። ፈቃድ እንደገና ይወጣል። ወደ የትኛው አገር እንደሚወረድ ከመነሣታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ማደሪያ ይጻፍ፤ ቅርቡ መንገድ ማዶ ከሆነም በሕይወት ጉዳይ ማዶ ይወረዳል፣ መሪው ለድንበር ፖሊስ ወዲያው ይደውላል።

መብረቅና ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በታች ከተቀራረቡ ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ስልክ በማይሠራበት የእርዳታ ምልክቱ በፊሽካ ወይም በመብራት በደቂቃ 6 ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ ዝምታ፣ እንደገና 6 ነው። መልሱ በደቂቃ 3 ነው። መልስ የሰማችሁ ቢመስላችሁም ከቦታችሁ አትሂዱ፣ ምልክቱን እስኪያገኟችሁ ድረስ ቀጥሉ።

10. ስትመለሱ

የመንገዱን ዕቅድ የሰጣችሁት፣ ካልደወላችሁ ነፍስ አድን የሚጠራው ሰው ከሁሉ በፊት ይደወልለት፤ ተረስቶ ፍለጋ የተነሣበት ጊዜ ብዙ ነው። ፈቃድ የሰጠው ቢሮ መውጫ እንዲነገረው ከጠየቀ ይነገረው። የፈረሰ ድልድይ፣ የጠፋ የመንገድ ምልክት፣ የተበከለ ምንጭ ካያችሁ ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ለሁለቱም አገር የፓርክ ጽሕፈት ቤት ላኩ፤ አንዱ ወገን ብቻ ካወቀው ከማዶ የሚመጣው ቀጣይ ቡድን ሳያውቅ ይደርስበታል። ቃል የገባችሁት ፎቶ ካለም በወሩ ውስጥ ይታተምና በመሪው በኩል ይላክ።